ባሌ ከሰዓት በኋላ የሚሄድበት ቤት

ዊኒፍሬድ ፔልን የጠላኋት ጣቷ ላይ ቀለም አይቼ ነው። ሰው በዚህ ይጠላል? እኔ ጠላሁ። እዚህ አሪዞና፣ ፎርት ካርቨር ውስጥ፣ የመኮንን ሚስት እጅ በሳሙናና በበረሃ ንፋስ የተሰነጠቀ ነው፤ የሷ ግን እንደ ጸሐፊ እጅ በቀለም የተነከረ። ባቄላዋ ያርርባታል። የቀሚሷ ጠርዝ ከተተረተረ ወር ይሰነብታል። ልብስ የምታሰጣው ሌላው ሁሉ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አጣጥፎ ካነሳ በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ እሷ ቤት ገብቶ ሳይስቅ የሚወጣ የለም። የእኔ ቤት ወለል ላይ ምግብ ቢፈስ አንስቶ መብላት አያስነውርም፤ የሚስቅበት ሰው ግን አልነበረም።

ባሌ ኢዝራ ኮልተን ወታደር ቤት የገባው በአሥራ አራት ዓመቱ ከበሮ መቺ ሆኖ ነው። በእርስ በርሱ ጦርነት ከበሮ መታ፣ ከዚያ ጠመንጃ ያዘ፣ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ እያለ መኮንንነትን ከጥይት መሀል ጎትቶ አወጣው። ትምህርት ቤት የሚባለውን ነገር ከሩቁ ነው የሚያውቀው። ከተጋባን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘጠኝ ምሽግ ቀይረናል። ካንሳስን በአንበጣ፣ ዳኮታን በበረዶ፣ ቴክሳስን በወባ አሳለፍን፤ አንድ ልጃችንን ዳኮታ ቀበርን፣ ሌላ አልተሰጠንም። ከዚህ ሁሉ አሥራ አምስቱን ዓመት ኢዝራ መቶ አለቃ ነው። አብረውት የጀመሩት ሻለቃ ሆነው በደብዳቤ ሰላም ይሉታል፤ እኔ ደብዳቤውን እያነበብኩ አንጀቴ እርር ይላል።

በእኛ ክፍለ ጦር ሻምበል የሚኮነው በተራ ነው። ከላይ ያለው ሲሞት፣ ሲሾም ወይም ጡረታ ሲወጣ ከመቶ አለቆቹ ዝርዝር አንደኛው ከፍ ይላል። በዚያ ዓመት የዝርዝሩ አንደኛ ኢዝራ ነበር፤ ሁለተኛው ሉተር ፔል፣ የዊኒፍሬድ ባል። ሽማግሌው ሻምበል ታርቤል ደግሞ በጥቅምት ስልሳ አራት ይሞላቸዋል፣ ጡረታ ነው። ስለዚህ በጥቅምት ባሌ ሻምበል ይሆናል። እኔ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የምነሳው በዚህ ተስፋ ነበር።

አንድ አዲስ ነገር ብቻ መጣ። ማንም መኮንን ከመሾሙ በፊት ጉባኤ ፊት ቀርቦ ይፈተን የሚል ሕግ ወጣ፤ ሕግ፣ ሂሳብ፣ ካርታ አነሳስ፣ ብዙ ነገር። የወደቀ እንደሆነ ለአንድ ዓመት ይታገዳል፣ ተራው ለሚቀጥለው ያልፋል።

«ከባድ ነው እንዴ ይሄ ፈተና?» አልኩት ኢዝራን።

«ኧረ የልጅ ጨዋታ ነው» አለኝ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ቦቱን እየቦረሸ። እኔም አመንኩት።

ከጥር ወር ጀምሮ ኢዝራ ከሰዓት በኋላ ከቤት መጥፋት ጀመረ። በዚያ ሰዓት በእኛ ሰፈር ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም፤ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። ኢዝራ ግን ሸሚዙን ቀይሮ፣ ጸጉሩን በውኃ አርሶ ይወጣል።

«ወዴት ነው?»

«ፔል ጋ።»

ፔሎች ከእኛ ሁለት በር አልፎ፣ አምስት ቁጥር ቤት ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ ዝም አልኩ። ወንዶች ናቸው፣ ካርታ ይጫወታሉ ብዬ። አንድ ቀን ግን እኛ ዶሮዎች የምናረባበት ጓሮ ቆሜ ሳይ፣ ሉተር ፔል ማዶ በበቅሎዎቹ በረት ውስጥ ሸሚዙን አውልቆ የበቅሎ እግር እያነሳ ያያል። በማግስቱም እዚያው ነው። የዚያን ሳምንት ሁሉ እዚያው ነው። ባሌ ታዲያ ፔል ቤት የሚያገኘው ማንን ነው?

በአምስት ቁጥር ፊት ለፊት ስኳር ልበደር የምሄድ መስዬ አለፍኩ። መዝጊያው ተጠርቅሟል። ኢዝራ ሲስቅ ሰማሁ። ከዳኮታ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ስኳሩንም ሳልበደር ተመለስኩ፤ እቤት ገብቼ ንጹሑን ወለል እንደገና ፈተግኩ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ ድረስ።

አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ሊዋሽ ነው፤ ካልዋሸ ደግሞ የባሰ ነው። የአዛዡ ረዳት መኮንን ሚስት ወይዘሮ ደኒንግ አንድ ቀን ሱቅ ደጃፍ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «መቼም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለችኝና ተነፈሰች። ሌላ አልጨመረችም። ባትጨምርም በቂ ነበር።

በሚያዝያ ሻምበል ሆጅ የሚባሉ አዲስ መኮንን አራት ልጆች፣ ሁለት ፍየሎችና አንድ ፒያኖ ይዘው መጡ። የሠራዊታችን ልማድ የታወቀ ነው። በማዕረግ የሚበልጥ መኮንን ሲመጣ ከበታቹ ያለውን የማንንም ቤት መርጦ ይገባል። የተነሳው ሰው ደግሞ ከእሱ በታች ያለውን ያስነሳል፣ ያም ሌላውን፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ምስኪን ድረስ ይወርዳል። እኛ «ጡቡ ወደቀ» እንለዋለን። ሻምበል ሆጅ የእኛን፣ ሦስት ቁጥርን መረጡ። አሥራ አንድ ወር የፈተግኩትን ወለል፣ በገዛ እጄ ኖራ የቀባሁትን ግድግዳ። ማንም አልተቆጣም፣ እኔም በእሳቸው አልተቆጣሁም። ልማዱ ነው።

ከእኛ በታች ያለው ደግሞ ሉተር ፔል ነው።

ኢዝራ የዚያን ቀን ምሳውን እየበላ፣ «ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው የጭቃ ቤት ባዶ ነው። እሱን እንወስዳለን» አለ።

«እባብ ከጣሪያው የሚወድቅበትን?»

«ሸራ እዘረጋለሁ።»

«ኢዝራ፣ አምስት ቁጥር እያለ?»

ሹካውን አስቀመጠ። «ፔልን አላስነሳም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የበላዮችህ ከዚህ ከዚያ ሲያስነሱህ ዝም አልክ። አሁን አንድ ቀን ተራው ላንተ ቢደርስ ምን አለበት? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።»

«ገና አልተሾምኩም እኮ።»

«ለመሆኑ ማስነሳት የማትፈልገው ፔልን ነው ወይስ ሚስቱን?»

አየኝ። «ምን ማለትሽ ነው፣ ሉሲ?»

«ምንም» አልኩና ሳህኑን አነሳሁ። እሱም ምንም አላለም። ያን ጊዜ ቢቆጣ፣ ጠረጴዛ ቢመታ ኖሮ፣ ምናልባት እተወው ነበር። ዝምታው ነው ያሳበደኝ።

በማግስቱ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ወይዘሮ ሆጅን እንኳን ደህና መጡ ልንል ተሰበሰብን። ዊኒፍሬድም ነበረች፤ ያው በቀለም እጇ፣ የታሸገ ኮክ በሳህን ይዛ። ወይዘሮ ሆጅ ደግ ሰው ናቸው፣ አንዱን ልጅ ታቅፈው ሌላውን በእግራቸው እየከለከሉ፣ «ወይዘሮ ኮልተን፣ ከቤትዎ ስላስነሳንዎት በጣም አፍሬያለሁ። ወዴት ልትገቡ አሰባችሁ?» አሉኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዊኒፍሬድ ኮኩን እያደለች ነበር።

«ምን ያሳፍርዎታል፣ ወግ ነው» አልኩ። «እኛ አምስት ቁጥር እንገባለን። ባሌ ወስኗል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዊኒፍሬድ ማንኪያውን እንደያዘች ቀና አለች፤ ፊቷ ነጣ፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ «መብታችሁ ነው» አለችና ቀጣዩን ሳህን ሞላች። እኔ የዚያን ቀን ኮኩን በላሁት፤ ጣፈጠኝም። ለምን እዋሻለሁ?

ኢዝራ ወሬውን የሰማው እኔ ሳልነግረው፣ ከወይዘሮ ደኒንግ ባል ነው። በዚያ ሰዓት «ሚስቴ ከራሷ ነው የተናገረችው» ቢል የሰፈር መሳቂያ የምሆነው እኔ ነበርኩ። አላለም። ቢሮ ገብቶ አምስት ቁጥርን በስሙ አስጻፈ። ቤት ሲመጣ ባርኔጣውን ሰቅሎ፣ «እሺ፣ ሉሲ። የፈለግሽው ይሁን» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

እንግዲህ ፔሎች በተራቸው ከእነሱ በታች ያለውን ምክትል መቶ አለቃ ኤምስን ማስነሳት ነበረባቸው። የኤምስ ሚስት ደግሞ ከወለደች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ሉተር ፔል እምቢ አለ፤ እባብ ከሚወድቅበት የጭቃ ቤትም ድንኳን ይሻለኛል አለ። አዛዡ ዘንድ ሄዶ፣ አርባ ማይል ርቆ ባለው የወንዝ መሻገሪያ ጥበቃ ላይ መድቡኝ አለ። ድንኳን ነው የሚኖርበት፣ ሴት አይወሰድበትም። ዊኒፍሬድ ግን «ድንኳን ጣሪያው የሚያፈስ መሆኑን ቀድመህ ታውቃለህ፤ ቤት ነው ሰውን የሚያታልለው» ብላ አብራው ለመሄድ ተነሳች። ሰፈሩ ይህን ቀልዷን ለአንድ ወር ተቀባበለው።

በሚሄዱበት ዕለት ጠዋት በረንዳው ላይ ደረስኩ፣ ቤቱን ልረከብ። ሁለት ጋሪ ተጭኖ ቆሟል። ዊኒፍሬድ ቤቱን ጠርጋዋለች፤ ጥግ ጥጉን ግን አልነካችውም፣ አይቼዋለሁ። በገመድ የታሰሩ አራት ወፍራም ደብተሮች ሰጠችኝ።

«ይሄ የባልሽ ነው» አለችኝ።

«ምንድን ነው?»

«የፈተናው ነው እንጂ። ክፍልፋይ ላይ ደርሰናል። ካርታ አነሳሱን ጨርሷል፤ እሱ ላይ ጎበዝ ነው፣ አገሩን በእግሩ ስለሚያውቀው። ሕጉ ላይ ግን ጥያቄውን ሁለቴ እንዲያነብ ንገሪው፤ ይቸኩላል።» ፊቴን አየችው መሰለኝ ቆም አለች። «አልነገረሽም እንዴ?»

ደብተሩን ገለጥኩት። የኢዝራ ትልልቅ፣ የተንጋደደ ጽሑፍ ነው። በጎኑ በሷ ደቃቅ ጽሕፈት እርማት አለ፤ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ባርኔጣ ያደረገች በቅሎ ስላ፣ ከሥሯ «ይህችም ይህን ሒሳብ ተሳስታዋለች» ብላ ጽፋለች።

«አባቴ ትምህርት ቤት ነበረው» አለችኝ። «እኔም እስካገባ ድረስ አስተምር ነበር። ኢዝራ እኛን ለመጠየቅ ሳምንት ነው ያመነታው።»

«ባልሽ ያውቃል?»

«ሉተር ነው እኮ ለምን ከሰዓት በኋላ አይመጣም ያለው። እሱ ራሱ ማስተማር አይችልም፣ ይጮሃል።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ የገባኝ። ኢዝራ ከወደቀ የሚሾመው ሉተር ነው። ሰዎቹ የራሳቸውን ተራ ለባሌ አሳልፈው ሊሰጡ በየቀኑ ሲለፉ ነበር። እኔ ደግሞ በገዛ አፌ ከቤታቸው አውጥቼ በረሃ ሰደድኳቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አልጠየቅሽኝማ!» አለች፤ መጀመሪያና መጨረሻ የተቆጣችው ያኔ ነው። ከዚያ ጋሪው ላይ ወጣች። ይቅርታ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ሉተር መጣና ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ «ደህና ሁኚ ሉሲንዳ፣ ምድጃው ሲጨስ በሩን ገርበብ አድርጊው» አለኝ። በዚህም ጨዋነቱ አናደደኝ። ሄዱ።

ለኢዝራ ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። አየና ተቀመጠ። እኔም ከፊቱ ተቀመጥኩ። «እኔ አስተምርሃለሁ» አልኩት። ትምህርት አላጣሁም፤ አባቴ ባለ መድኃኒት ቤት ነበር፣ ሒሳብ ከማንም አላንስም። ከዊኒፍሬድ ፔል የማንስበት አንዳች ነገር የለም ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር። ሁለተኛውም ቀን እንደምንም ሄደ። በሦስተኛው ቀን አንድ ክፍልፋይ ላይ ሦስቴ ተሳሳተ።

«ከላይ ያለውን ነው የምታባዛው።»

«እሺ።»

«እሱን አይደለም፣ ኢዝራ። ከላይ ያለውን።»

«ይኸው።»

«አምላኬ፣ አሁን ነገርኩህ እኮ። ይህን እንኳ አታውቅም?»

እርሳሱን አስቀመጠ። ደብተሩን ከደነው፤ በኃይል አይደለም፣ ቀስ ብሎ። «ደክሞኛል» አለ። ከዚያ ወዲህ ብለምነው ብለማመጠው እኔ ፊት አልገለጠውም። በፈረሶቹ በረት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሲያጠና አይቼዋለሁ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቱን ይቆጥራል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ወንዝ መሻገሪያው የስንቅ ጋሪ ይሄዳል። ለዊኒፍሬድ ደብዳቤ ጻፍኩላት። «ቤቱ ያንቺ ነው፣ ተመለሺ፣ እኛ የጭቃው ቤት እንገባለን፣ ኢዝራን አስተምረሽ ጨርሺልኝ» ነው የሚለው። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ጋሪው ደጃፌ ላይ ቆመ፣ ነጂው «የሚላክ አለ?» አለኝ። ደብዳቤው ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው። የሷና የኢዝራን ጭንቅላት አንድ ደብተር ላይ ተጎንብሶ አሰብኩት፤ ባርኔጣ ያደረገችዋን በቅሎ አሰብኳት። «የለም» አልኩት። በሚቀጥለው ማክሰኞም የለም አልኩ። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተወ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በመስከረም ኢዝራ ለፈተናው ወደ ዋናው መምሪያ ሄደ። አዲስ የደንብ ልብስ አለበስኩት፣ ቁልፉን አንድ በአንድ ወለወልኩለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። አቧራውን ሳያራግፍ ወጥ ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እንዴት ነው?»

«ወደቅኩ።»

ድስቱን ከምድጃው አወረድኩት።

«ካርታውን አለፍኩ» አለ። «አመሰገኑኝም። ሕጉ ላይ ጥያቄውን ሳልጨርስ መለስኩ። ሂሳቡ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው፣ አምስት መኮንን ከኋላዬ ተቀምጦ። እነዚያ ሰዎች በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፣ ሉሲ።»

«ታዲያ አሁን?»

«አሁንማ ሉተር ሻምበል ይሆናል። ይገባዋል። የታርቤልን ቡድን ተረክቦ ወደዚህ ይመለሳል። እኔ ከዓመት በኋላ አንዴ ደግሜ እቀርባለሁ፤ ያኔ ከወደቅኩ ያሰናብቱኛል።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ከፊቱ ተንበረከክሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ የጠረጠርኩትን፣ ወይዘሮ ደኒንግ ያለችኝን፣ ቤቱን የፈለግኩት ለቤቱ ብዬ እንዳልሆነ። ስለ ደብዳቤው ብቻ አልነገርኩትም። ይጮሃል፣ ይገፈትረኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን «መስሎኝ ነበር» አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«ጠርጥረሽ ነው ብዬ ገምቼ ነበር።»

«ታዲያ አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሂሳብ እየተማርኩ ነው ብትለኝ ሁሉም ያልቅ ነበር። እኔ ፊት ከምታፍር ባለጌ መባልን መረጥክ?»

«አዎ» አለኝ። ራሱም የገረመው ይመስላል። «እሷ ፊት መሳሳት እችላለሁ። አንቺ ፊት አልችልም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞክሬ አልቻልኩም።»

ይህን ያለኝ ሊያቆስለኝ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ቦቱን እያወለቀ፣ ስለ መንገዱ አቧራ እንደሚያወራ ሰው ነው የነገረኝ። እውነቱን ልናገር፤ ከሷ ጋር ተኝቶ ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ ብዬ አሰብኩ። እሱን ሴት ትታገለዋለች፣ ትቀጣዋለች፣ ይቅር ትለዋለች። ይህንን ግን ምን አደርገዋለሁ?

ቦቱን በር ሥር አቆመው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ጭንቅ እንደያዘው ሰው ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ አየኝ።

«ፔሎች ሲመለሱ እንደገና እንድታስተምረኝ ልለምናት ነው» አለ። «እምቢ ትለኝ ይሆናል። አንቺ ግን እንዳልሄድ ከፈለግሽ አልሄድም። ንገሪኝ።»

ተነስቼ ድስቱን መልሼ ምድጃው ላይ ጣድኩት። ሂድ ብለው ሻምበል ሊሆንልኝ ይችላል፤ አትሂድ ብለው እኔ ዘንድ ይቀራል፣ እንደተለመደው ዝም ብሎ። የትኛውም ቢሆን ከሷ ጋር እንደሚሆነው ከእኔ ጋር አይሆንም።

«ሂድ» አልኩት።